አናሊቲካል ኬሚስትሪ፦ «በምን አወቃችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ትምህርት

ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፣ የእንጀራ ዱቄት ውስጥ ጀሶ ተገኘ የሚል ዜና በየጊዜው እንሰማለን። ዜናው ስንት ኩንታል እንደተያዘና ስንት ሰው እንደታሰረ ይነግረናል። ጀሶ መሆኑ በምን እንደታወቀ ግን ብዙ ጊዜ አይነግረንም። ነጭ ጤፍና ጀሶ አንድ ላይ ከተፈጩ በኋላ በዓይን የሚለይ ሰው የለም። በጣት ቢዳሰስ፣ በምላስ ቢቀመስ የሚገኘው ጥርጣሬ ነው። ያንን ጥርጣሬ ወደ ማስረጃ የሚቀይር፣ «አለ» ወይም «የለም» የሚል፣ ካለም በኪሎ ስንት ግራም እንደሆነ ጽፎ የሚፈርም ሙያ አለ። አናሊቲካል ኬሚስትሪ ይባላል።

የዲፓርትመንት ምርጫ በመጣ ቁጥር «ኬሚስትሪ ደረሰኝ» የሚል ተማሪ ፊት ላይ ቅሬታ ይነበባል። ቤተሰብም «እና መምህር ልትሆን ነው?» ይላል። መምህርነት የተከበረ ሙያ ነው፤ ኬሚስትሪ የሚያደርሰው ግን እዚያ ብቻ አይደለም። በተለይ አናሊቲካል ዘርፉ አገራችን በጣም የምትፈልገው፣ ሕዝቡ ግን ብዙም የማያውቀው ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሌላው ኬሚስትሪ በምን ይለያል?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ በተለምዶ በአራት ትልልቅ ዘርፎች ይከፈላል። ኦርጋኒክ የካርቦን ውህዶችን ያጠናል፤ መድኃኒት፣ ፕላስቲክ፣ የዕፅዋት ቅመም እዚህ ይገባሉ። ኢንኦርጋኒክ ብረታ ብረትንና ማዕድናትን ይይዛል። ፊዚካል ደግሞ አንድ ለውጥ ለምን እንደሚካሄድ፣ በምን ፍጥነት እንደሚካሄድና ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድ በሒሳብ ይመረምራል። አናሊቲካል የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ እዚህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ስንት ነው? የወጣው ቁጥርስ ምን ያህል ይታመናል?

የመጀመሪያው ጥያቄ ዓይነትን የመለየት፣ ሁለተኛው መጠንን የመለካት ሥራ ነው። ሦስተኛውን ከውጭ ያለ ሰው አያየውም። እኔ ግን የትምህርቱ ልብ እሱ ነው እላለሁ። ቁጥር ማውጣት ቀላል ነው፤ ማንኛውም መሣሪያ ቁጥር ያወጣል። ከባዱ ነገር ቁጥሩን ይዞ «እርግጠኛ ነህ?» ለሚል ሰው መልስ መስጠት ነው።

ከጤና ላብራቶሪ ትምህርት ጋር የሚያምታቱትም አሉ። የሕክምና ላብራቶሪ ባለሙያ ከታማሚ የተወሰደ ደም፣ ሽንትና የመሳሰለውን ይመረምራል፤ ራሱን የቻለ ዲፓርትመንትና የሙያ ፈቃድ አለው። የአናሊቲካል ኬሚስት ናሙና ውኃ፣ አፈር፣ ቡና፣ ሲሚንቶ፣ ቆዳ፣ የመድኃኒት እንክብል፣ ወተት ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ጀሶው በምን ይታወቃል?

ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳብ «ዱቄቱ ውስጥ ካልሲየም እንለካ» ሊሆን ይችላል። ያልጠነቀቀ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው፤ ጤፍ ራሱ ከሌሎች እህሎች ሲነጻጸር ካልሲየሙ ብዙ ነው። ካልሲየም ተገኘ ብሎ ነጋዴን መክሰስ ንጹሕ ጤፍ የሸጠውንም ማሳሰር ይሆናል።

አናሊቲካል ኬሚስት መጀመሪያ «ያልተነካ ጤፍ ስንት አለው?» ብሎ ይነሳል። በአንድ ኪሎ ጤፍ ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ካልሲየም ብዙውን ጊዜ 2 ግራም አይሞላም። ከኪሎው ውስጥ 50 ግራሙ ጀሶ ከሆነ ግን ጀሶው ብቻውን ከ10 ግራም በላይ ካልሲየም ይጨምራል። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቢሆንም ካልሲየሙ ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የመጣ ሊሆን ስለሚችል «ጀሶ ነው» ለማለት ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል። እሱም ሰልፌት ነው። ዱቄቱ በቀጭን አሲድ ይታጠባል፤ በተጣራው ፈሳሽ ላይ ባሪየም ክሎራይድ ጠብ ሲደረግ ሰልፌት ካለ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይረጋል። ያ ነጭ ዝቃጭ ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ እሳት ውስጥ ገብቶ፣ እስከ 0.0001 ግራም በሚለይ ሚዛን ላይ ይመዘናል። ከክብደቱ ተነስቶ ሰልፌቱን፣ ከሰልፌቱም ጀሶውን ማስላት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዱቄቱን አስቀድሞ አቃጥሎ አመዱን መመርመር ይቀላል። ግን እህል ፕሮቲኑ ውስጥ ድኝ አለው፤ ሲቃጠል ከፊሉ ወደ ሰልፌት ይቀየርና ያልነበረ ነገር የነበረ ያስመስላል። ሳይቃጠል በአሲድ የሚታጠበው ለዚህ ነው። ናሙናን የማዘጋጀት ዘዴ ውጤቱን እንዴት እንደሚለውጠው ተማሪው የሚማረው እንዲህ ባሉ ጉዳዮች ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትምህርቱ እንዴት ይሄዳል?

በኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚመረቀው በአብዛኛው በጥቅሉ «በኬሚስትሪ» ነው። እንደ አዳማና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉት ወደ ተግባርና ወደ ኢንዱስትሪ ያጋደለ የኬሚስትሪ ፕሮግራም ይሰጣሉ። «አናሊቲካል» የሚለው ስም ዲግሪው ላይ የሚመጣው በሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ አዲስ አበባንና ጅማን የመሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች በዘርፉ ያሠለጥናሉ። ስለዚህ አናሊቲካልን የሚፈልግ ተማሪ ገና ከመጀመሪያ ዲግሪው ኮርሶቹን፣ የተግባር ልምምዱንና የመመረቂያ ጽሑፉን ወደዚያ ማዘንበል አለበት።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ የፍሬሽማን ኮርሶች የሚሰጡበት ሆኗል። ከዚያ በኋላ አናሊቲካል ኬሚስትሪ የሚባለው ኮርስ ከነላብራቶሪው ይመጣል። እዚያ ቡሬት (ፈሳሽን ጠብታ በጠብታ የሚለቅ ባለ መስመር ቱቦ)፣ ፒፔት (የተወሰነ መጠን ፈሳሽ የሚቀዳበት ቀጭን ቱቦ) እና ሚዛን ከተማሪው ጋር ይተዋወቃሉ። ቲትሬሽን ማለት መጠኑ የማይታወቅን ነገር መጠኑ በሚታወቅ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ መለካት ነው። አቼቶ ውስጥ ስንት አሲድ እንዳለ ለማወቅ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከቡሬት ይለቀቃል፤ ፌኖልፍታሊን የተባለው ጠቋሚ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ሲያሳይ ይቆማል። ደመቅ ያለ ሮዝ ከሆነ አልፏል፤ እንደገና ይጀመራል። ብዙ ተማሪ በዚህ ይሰላቻል። ነገር ግን አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር አካባቢ እንደሆነና ያ ጠብታ የመጨረሻውን መልስ በምን ያህል እንደሚያዛባ ያሰላ ተማሪ፣ መጠንቀቅ ምን ማለት እንደሆነ በእጁ ተምሯል።

ቀጥሎ ስታቲስቲክስ ይገባል። አማካይ፣ መደበኛ ልይይት (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ)፣ ከሌሎቹ የወጣን ቁጥር መቼ መጣል እንደሚቻል፣ መቼ ደግሞ እንደማይቻል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመሣሪያ ትንተና የሚባሉት ኮርሶች ይመጣሉ። ብርሃንን በመጠቀም የሚለኩ አሉ፤ አቶሚክ አብዞርፕሽን የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1955 አለን ዎልሽ አውስትራሊያ ውስጥ ያስተዋወቀው ዘዴ እርሳስን፣ ካድሚየምን፣ ዚንክን የመሳሰሉትን ብረቶች ለመለካት እስካሁን ያገለግላል። የተቀላቀሉ ነገሮችን አንድ በአንድ የሚለይ ክሮማቶግራፊ አለ። በኤሌክትሪክ የሚለኩ አሉ። የአንዱን ሞለኪውል ክብደት የሚያነቡ ማስ ስፔክትሮሜትሮችም አሉ።

መጨረሻ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይጠብቃል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚለካው ዕውቀትን ነው። ቡሬት የያዘ እጅ መንቀጥቀጥ አለመንቀጥቀጡን አይለካም፤ ስለዚህ ፈተናውን ማለፍና ላብራቶሪ ውስጥ ብቁ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተማሪው ከአሁኑ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ናሙና መውሰድ ይህን ያህል ያስቸግራል?

በጣም። ወጥ ላይ ጨው ተጨምሮ ሳይማሰል ከዳር ቢቀመስ አልጫ ነው፣ ከመሃል ቢቀመስ ደግሞ አይበላም። ምላሱ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው የቀመሰበት ቦታ ነው። አንድ መጋዘን ሙሉ ኦቾሎኒ ላይ የሚደረግ ምርመራም እንዲሁ ነው። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የሚመጣው እርጥበት ባገኘ እህል ላይ ከሚያድግ ሻጋታ ሲሆን በጆንያው ውስጥ እኩል አይሰራጭም። ጥቂት ፍሬዎች እጅግ ተበክለው የቀሩት ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉ። ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ ውድ መሣሪያ ላይ ማስገባት ውድ የሆነ ስህተት መግዛት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከብዙ ጆንያዎች፣ ከላይ ከመሃልና ከታች ጥቂት ጥቂት ሰብስቦ፣ አንድ ላይ ፈጭቶ፣ አዋሕዶ፣ ከዚያ መክፈል ነው። የመጨረሻው ውጤት ላይ ከሚታየው ስህተት ትልቁ ድርሻ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ናሙናው ላብራቶሪ ሳይደርስ በፊት ነው።

አንድ ልኬት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን ይመስላል?

ከስምጥ ሸለቆ አንድ የጉድጓድ ውኃ መጣ እንበል። ጥያቄው ፍሎራይዱ ስንት ነው የሚል ነው። በስምጥ ሸለቆ ያለው የእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድን ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ የበለጠውን በልጅነቱ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ በብዙ ሲያልፍና ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል። ወንጂ አካባቢ ይህ ችግር ለብዙ ዓመታት ሲጠና ቆይቷል። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይዱን አያጠፋውም፤ ውኃው ተንኖ ሲቀንስ እንዲያውም ያከማቸዋል።

ናሙናው የሚመጣው በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለማይስማማ። ጠርሙሱ ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የቀዳው ሰው ስም ተጽፏል። ይህ ከሌለ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ልኬቱን የምትሠራው ተማሪ መጀመሪያ የምታዘጋጀው መጠኑ የሚታወቅ ፈሳሽ፣ ማለትም ስታንዳርድ ነው። የደረቀ ሶዲየም ፍሎራይድ 2.21 ግራም መዝና በውኃ አሟሙታ ልክ አንድ ሊትር ስታደርሰው በሊትር 1,000 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ያለው ፈሳሽ ይሆናል። ከዚያ እያቀጠነች 1፣ 2፣ 5 እና 10 ሚሊ ግራም ያላቸውን ትሠራለች። በእያንዳንዱ ስታንዳርድና በናሙናው ላይ እኩል መጠን ያለው ቲሳብ የተባለ ፈሳሽ ትጨምራለች። የዚህ ፈሳሽ ሥራ ሦስት ነው፦ አሲድነቱን አንድ ልክ ላይ ይይዛል፤ የሁሉም ፈሳሾች የጨው መጠን እንዲመሳሰል ያደርጋል፤ ፍሎራይድን ጨምድደው የያዙ አሉሚኒየምና ብረት ካሉ ያስለቅቃል። ይህ ካልተደረገ ኤሌክትሮዱ፣ ማለትም ፈሳሹ ውስጥ የሚነከረው መለኪያ፣ የሚያየው ነጻ የሆነውን ፍሎራይድ ብቻ ስለሆነ፣ የታሰረው ሳይቆጠር ይቀራል።

ኤሌክትሮዱ ጫፉ ላይ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል አለው። ፈሳሹ ውስጥ ሲነከር የሚሰጠው ሚሊ ግራም ሳይሆን ሚሊ ቮልት ነው። ባለ 1 ሚሊ ግራሙ ስታንዳርድ 100 ሚሊ ቮልት፣ ባለ 10ሩ 41 ሚሊ ቮልት አሳየ እንበል። መጠኑ በአሥር እጥፍ ሲያድግ ንባቡ በ59 ገደማ ይወርዳል፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ቁልቁለቱ 59 አካባቢ ካልሆነ ኤሌክትሮዱ አርጅቷል ወይም ስታንዳርዱ ተበላሽቷል ማለት ነውና ሥራው ይቆማል። ነጥቦቹን ያገናኘው መስመር የካሊብሬሽን መስመር ይባላል። ናሙናው 70 ሚሊ ቮልት ካነበበ በመስመሩ ላይ የሚያርፈው 3.2 ሚሊ ግራም በሊትር ላይ ነው።

አልቋል? አላለቀም። ምንም ፍሎራይድ የሌለበት ንጹሕ ውኃ በዚያው መንገድ አልፎ ይለካል፤ ብላንክ ይባላል። እሱ ላይ ፍሎራይድ ከታየ ብክለቱ ከጉድጓዱ ሳይሆን ከላብራቶሪው ነው። ከዚያ ናሙናው ላይ ሆን ተብሎ በሊትር 2 ሚሊ ግራም የሚሆን ፍሎራይድ ይጨመርና እንደገና ይለካል። 5.2 ይጠበቃል፤ 5.0 ከወጣ ከተጨመረው 2 ውስጥ 1.8ቱ ተገኝቷል፣ ማለትም 90 በመቶ። 3.5 ብቻ ቢወጣ ግን ውኃው ውስጥ ፍሎራይዱን የሚደብቅ ነገር አለ ማለት ነው፤ የመጀመሪያው 3.2ም ከእውነቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ልኬቱ ሦስት ጊዜ ተደግሞ በመጨረሻ የሚጻፈው «3.2፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.2» ይሆናል።

ያቺ «ሲደመር ሲቀነስ» ቀላል አይደለችም። 3.2 ከሆነ 0.2 ቢቀነስም ቢደመርም ከ1.5 በላይ ነው፤ ጉድጓዱ ላይ መወሰን ይቻላል። ውጤቱ 1.6 ቢሆንስ? እውነተኛው መጠን 1.4 ወይም 1.8 ሊሆን ይችላል። ያንን ጉድጓድ መዝጋት መንደሩን ሁሉ ወደ ወንዝ ውኃ ሊመልስ ይችላል፤ የወንዝ ውኃ ደግሞ የራሱ በሽታ አለው። ቁጥሩን ብቻ ሰጥቶ የጥርጣሬውን ስፋት ያልነገረ ባለሙያ ሌላው ሰው በማያውቀው ነገር ላይ እንዲወስን አድርጎታል።

እነዚህ ጥቃቅን መጠኖች እውነት ትርጉም አላቸው?

አላቸው፤ ወተት ጥሩ ምሳሌ ነው። ላም አፍላቶክሲን ያለበት መኖ ስትበላ መርዙ በሰውነቷ ተለውጦ ኤም1 በሚባል መልክ ወተቷ ውስጥ ይገባል፤ ወተቱ ቢፈላም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት የሚፈቅደው በኪሎ 0.05 ማይክሮ ግራም ነው። ይህ ማለት 1 ሚሊ ግራም በ20,000 ኪሎ ወተት ውስጥ፣ በግምት ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሙሉ ወተት ውስጥ ነው። አሜሪካ ደግሞ አሥር እጥፉን፣ 0.5 ማይክሮ ግራምን ትፈቅዳለች።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ዙሪያዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ ኤም1 አግኝቷል። በአውሮፓው ወሰን ሥር የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። ከአሜሪካው ወሰን በላይ የሆኑት ግን 29 ናቸው። ወተቱም ልኬቱም ያው ሆኖ «101ዱ አላለፉም» ወይም «29ኙ አላለፉም» ማለት ይቻላል። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። እንዲህ ያለ ዜና ሲወጣ «በየትኛው ወሰን?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ጥናቱ ምንጩንም አሳይቷል፤ በተለይ የኑግ ፋጉሎ ተበክሎ ተገኝቷል። ስለዚህ መፍትሔው ወተት መጠጣት መተው ሳይሆን ፋጉሎው የሚከማችበትን መንገድ ማስተካከል ነው።

ዛሬ ሁሉን ማሽን አይሠራውም እንዴ?

ለዚህ ጥያቄ ከማንኛውም ክርክር የበለጠ መልስ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ የሆነው ነው። ወተት ውስጥ ያለ ፕሮቲን በተለምዶ የሚለካው ዮሃን ኬልዳል እ.ኤ.አ. በ1883 ኮፐንሃገን ውስጥ ባወጣው ዘዴ ነው። ዘዴው ፕሮቲንን በቀጥታ አያይም፤ ናይትሮጅንን ይለካና ለወተት በ6.38 ያባዛዋል። ወተትን በውኃ የሚያቀጥኑ ሰዎች ይህንን አወቁ። ሜላሚን የተባለው የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። 1 ግራም ሜላሚን በዚህ ስሌት ከ4 ግራም በላይ ፕሮቲን መስሎ ይታያል። ጨመሩት። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ቴክኒሺያኑም አልዋሸም፤ ቁጥሩ «ጥሩ ወተት» አለ። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ ቢያንስ 6ቱ ሞቱ።

መሣሪያው የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። የተጠየቀው ግን ናይትሮጅን እንጂ ፕሮቲን አልነበረም። መሣሪያው በእርግጥ የሚለካው ምን እንደሆነ፣ ሌላ ነገር ሊያታልለው ይችል እንደሆነ መጠየቅ የሰው ሥራ ነው።

ቆዳ ፋብሪካዎቻችንም ተመሳሳይ ጉዳይ ያውቃሉ። ቆዳ በክሮሚየም ይለፋል። ክሮሚየም ግን ሁለት መልክ አለው፤ ሦስት የሚባለው ጉዳቱ አነስተኛ ሲሆን ስድስት የሚባለው ካንሰር ያስከትላል። የአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰውን ገላ የሚነካ የቆዳ ምርት ላይ ስድስተኛው በኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም እንዳይደርስ ደንግጓል። ጠቅላላ ክሮሚየምን ብቻ የሚለካ መሣሪያ ይህንን አይለይም።

ለአገርስ ምን ይጠቅማል?

የሜላሚኑ ነገር በሆነበት እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ አለች። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የተለየ ወሰን ያልወጣለት ማንኛውም ቅሪት በኪሎ ከ0.01 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የሚል ሕግ አላት። በዚያን ጊዜ ከቡናችን ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ነበረች፤ ንግዱ ክፉኛ ተጎዳ። ገበሬው ግራ ገባው፤ አብዛኛው ቡናችን የሚበቅለው ፀረ ተባይ ሳይነካው ነው። በኋላ ጣት የተቀሰረው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህን ነው፦ ቡናው ከመጫኑ በፊት እዚሁ ፍሬውንና ጆንያውን ለየብቻ የሚመረምር፣ ውጤቱም ቶኪዮ ውስጥ ተቀባይነት ያለው ላብራቶሪ ቢኖር ነገሩ ወደብ ሳይደርስ ይያዝ ነበር። «ተቀባይነት ያለው» የሚለው ቃል ከባድ ነው። የላብራቶሪ ብቃት የሚለካበት አይኤስኦ 17025 የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። መሣሪያው በጊዜው መስተካከሉን፣ ዘዴው መፈተሹን፣ ባለሙያው መሠልጠኑን፣ ወረቀቱ ሁሉ መያዙን ይጠይቃል። ተማሪዋ ፍሎራይድ ስትለካ ያደረገችው ሁሉ፣ ብላንኩም፣ ስታንዳርዱም፣ ጨምሮ መለካቱም፣ ለዚህ ፈተና የሚቀርብ ማስረጃ ነው።

ተመርቆ የት ይሠራል?

የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንና የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት ላብራቶሪዎች አሏቸው። መድኃኒት ፋብሪካዎች ያለ ጥራት ቁጥጥር ክፍል አይሠሩም። የዚህ ሥራ ክብደት እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ታይቷል፤ ዳይኤትሊን ግላይኮል የተባለ መርዛማ ፈሳሽ ያለበት የሕፃናት ሽሮፕ ከ60 በላይ ከሚሆኑ ልጆች ሞት ጋር ተያይዟል። ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያለው ላብራቶሪ ይህንን መርዝ ለይቶ ያገኘዋል። ከዚህ ሌላ ቢራ፣ ስኳር፣ ሲሚንቶ፣ ብረታ ብረት፣ ቆዳና ዘይት ፋብሪካዎች፣ የወርቅ ማዕድን፣ የከተማ ውኃ አገልግሎቶች፣ የአፈር ምርመራ፣ የፖሊስ ፎረንሲክ ክፍልና የምርምር ተቋማት ይህን ሙያ ይፈልጋሉ። ሥራ ወዲያው ይገኛል ብዬ ተስፋ አልሰጥም፤ የተመራቂው ቁጥር ብዙ ነው። ቀጣሪ ግን በእጁ ሠርቶ የሚያሳይን ሰው ከዲግሪው ብቻ ካለው ይለያል።

ችግሮቹም ይነገሩ። አቶሚክ አብዞርፕሽን ለእያንዳንዱ ብረት የራሱን አምፖል ይፈልጋል፤ አምፖሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጋዙ ያልቃል፣ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የግማሽ ቀን ሥራ ይበላሻል። በብዙ ቦታ ተማሪዎች መሣሪያው ዙሪያ ቆመው መምህሩ ሲሠራ ያያሉ፣ ወይም ሥዕሉን በስላይድ ያያሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ይህ ትምህርት በማየት አይገባምና። ሆኖም ሚዛን፣ ቡሬትና ፒፔት በአብዛኛው አሉ። የስህተት ስሌትና ካሊብሬሽን ኤክሴል ላይ ይሠራል። ቲትሬሽንን በደንብ ያወቀ ሰው ክሮማቶግራፊ ላይ ሲደርስ ሐሳቡ አዲስ አይሆንበትም።

ዲፓርትመንት ከመምረጥ በፊት ምን መጠየቅ አለበት?

ሕንፃውንና የዩኒቨርሲቲውን ስም ትቶ ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልጎ ማናገር ይሻላል። ባለፈው ሴሚስተር ስንት የላብራቶሪ ልምምድ በራሳቸው እጅ ሠሩ? በአንድ ቡሬት ላይ ስንት ሆነው? የትኞቹ መሣሪያዎች አሁን ይሠራሉ፣ የትኞቹስ ተሸፍነው ቆመዋል? የተግባር ልምምድ የሚወጡት የት ነው፤ እዚያስ ናሙና ይሰጣቸዋል ወይስ ፋይል ያደራጃሉ? የመመረቂያ ሥራቸው ላይ የካሊብሬሽን መስመር፣ ብላንክና ድግግሞሽ አለ? ሒሳብ የሚፈራ ተማሪ ስታቲስቲክሱ እንደማይቀርለት ቀድሞ ይወቅ።

ቀድሞውኑ «ኬሚስትሪ ደርሶት» የገባ ተማሪ ደግሞ የላብራቶሪ ረዳቱን ይቅረብ። ለሌላ ክፍል ስታንዳርድ ሲዘጋጅ አብሮ ለማዘጋጀት ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ረዳቶች የሚያግዛቸው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። በዕረፍት ጊዜው ከተማው ያለው የውኃ አገልግሎት ላብራቶሪ ጎራ ብሎ ክሎሪን በየስንት ሰዓቱ እንደሚለካ፣ በምን እንደሚለካና ቁጥሩ ዝቅ ሲል ማን እንደሚደወልለት ይጠይቅ።